መቀመጫ ቁጥር ሦስት

ይፋግ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው፤ ላሚቱም ደህና ናት። ደህና ያልሆነ ነገር ሲኖር እነግርሻለሁ፤ ስለዚህ በየመስመሩ «የምርሽን ነው?» እያልሽ ቀለም አትጨርሺ።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሻል። ስልኩ አልተበላሸም። አንቺ ስትደውዪ ግን ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ አጠገብሽ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «እማ» እንኳ ሳትይኝ «ደህና ናችሁ? እሺ፣ በኋላ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደህና ናችሁ ማለት ማንን ነው? ከላሚቱ ጋር ደምረሽኝ ነው? ስለዚህ ጻፊልኝ። ደብዳቤ አይንሾካሾክም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርሁት ለዚህ ቀን ኖሯል። ሾፌሩ ደሞዝ በየቀኑ ከወረታ ባሕር ዳር ይመላለሳል፤ እኔም ሸክላዬን ይዤ ለገበያ ወረታ ስወርድ ከእጁ እቀበላለሁ።

ደግሞ በፊተኛው ወረቀትሽ «እርስዎ» ብለሽኛል። እርስዎን ለቄሱ አስቀምጪው። እኔ የወለድሁሽ አንቺ እንድትይኝ ነው።

የወረታው መናኸሪያ እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ቆርቆሮው ወጥቷል። ክረምት ክረምት እስከ ቁርጭምጭሚት የምንሰምጥበት ጭቃ ጠጠር ለብሷል። መጸዳጃ ቤቱም ሁለት በር አለው፤ አንዱ የሴት። ከእንግዲህ ሴት ልጅ ከአይሱዙ ጀርባ አትሸሸግም። ያየ ሁሉ «ይህን የሳለው ይባረክ» ይላል። እኔ አሜን ብዬ ዝም እላለሁ። የሳለችው ልጄ ናት እንዳልል አንቺው ከልክለሽኛልና።

መኪናው ላይ ግን ያው ነው፤ ሸክላዬ ከላይ፣ እኔ ከኋላ። ባለሸክላ ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሰው ደስ አይለውም፤ ይህን ላንቺ አልነግርሽም። ከድስቴ ይበላሉ፣ ከጎኔ አይቀመጡም። ዓይኔን ይፈራሉ።

የሁለት ሰዓት መንገድ ሁለት ዓመት ፈጀብሽ። መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ጠየቅሁሽ እንዴ? አልጠየቅሁሽም።

እናትሽ ገላነሽ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፤

ይኸው «አንቺ» ብዬ ጀመርሁ። ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁንም ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ሰሞኑን ወንበር አይችለኝም። ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስል «ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኛል፤ «የወረታ ሥራ ነው» እላለሁ።

በቲኬቱ ላይ ቁጥር ለምን አስፈለገ ብለሽ በደሞዝ በኩል ጠይቀሽኛል። ከኅዳር ጀምሮ ማንም ከወረታ የሚሳፈር ሰው ቲኬቱን በመስኮት ይቆርጣል። ቲኬቱ ላይ የወንበሩ ቁጥር ይጻፋል። ቀድሞ የመጣ ፊት ይቀመጣል። ረዳቱ «አንቺ ወደ ኋላ፣ አንተ ወደ ፊት» የማለት ሥልጣን የለውም። ታሪፉም በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ በር ላይ ይቆማል፤ የሰውም፣ የዕቃም። በስብሰባው ላይ ስለ ቁጥሩ ብቻዬን ሁለት ሰዓት ተሟግቻለሁ። ለምን እንዲህ እንደተንገበገብሁ ማንም አልገባውም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቧንቧው እስከ ሰኔ አይደርስም፤ ተሳፋሪው ግን ውኃ ይጠማዋል። ለመጠበቂያው ሁለት ትልልቅ ጋን ሥሪልኝ። እንዳንቺ ጋን ውኃ የሚያቀዘቅዝ የለም። ለደሞዝ ብቻ ስጪው፤ ከማን እንደመጡ እሱም ባይናገር ይሻላል።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትምጪ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሥራውም በዝቷል። እባክሽ እማ።

ልጅሽ እየሩስ


ይፋግ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ፤

ጋኖቹ የት ደረሱ ብለሽ በቁራጭ ወረቀት ልከሽብኛል። የዘገዩት በእኔ ጥፋት ነው። ሸክላ ሳይደርቅ አይተኮስም፤ ይህን ላንቺ በስድስት ዓመትሽ ያስተማርሁ ሴትዮ፣ ልጄ ለመናኸሪያዋ ጋን ፈለገች ብዬ ቸኩዬ የመጀመሪያውን በሦስተኛው ቀን እሳት ውስጥ ከተትሁት። ሆዱ ለሁለት ተከፈለ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። እንደገና ሠርቼ፣ በጥላ አድርቄ፣ በፎገራ ሩዝ ገለባ ጠቅልዬ ለደሞዝ ሰጥቼዋለሁ። ከአንገታቸው ሥር እንደ ልማዴ በአውራ ጣቴ ተጫንኋቸው። ማን ሠራው ለሚል ሰው መልስ አይሆንም፤ ለሚያውቅ ግን ይበቃል።

የምትሸጪበት ቦታ እንዴት ሆነ ብለሽ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቅሽኝ። ባለፈው ዘልዬው ነበር። ቦታው የለም። አሥራ አራት ዓመት ሸክላ የዘረጋሁበት የመናኸሪያው በር ጥግ በአጥር ገባ፤ በሩም ወደ ወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረ። አሁን ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ነኝ። አንቺ ይህን አታውቂም ብዬ ነው ያልነገርሁሽ። ወረቀት ላይ የሚሰመር መስመር ማን ላይ እንደሚያርፍ ከባሕር ዳር አይታይም። አትዘኚ፤ ጃንጥላ ገዝቻለሁ። ቀይ ነው፤ ሙሽራ መስያለሁ።

እናትሽ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፤

ደሞዝ መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ለዚህ ነው ያሳጠርሁት።

አዎ፣ ከስቻለሁ። ማን ነገረሽ? አይ፣ አላመመኝም። የተማሪነት ጊዜ አከራዬን መምህር አዛናውን አግኝቼ እንደሆነ ጠይቀሽኛል፤ አግኝቻቸዋለሁ። ለምን እንዳገኘኋቸው ከጥምቀት በኋላ እነግርሻለሁ። ደስ የሚል ነገር ነው። ደስ የሚል ይመስለኛል። እስከዚያ አትጠይቂኝ።

ስለ አጥሩ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

እየሩስ


ይፋግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ፤

ሰሌዳውን አይተሽዋል ወይ ብለሽኛል። አየሁት እንጂ! ከመንገዱ ማዶ ዓይኔ አልደርስልሽ ቢለኝ፣ ሸክላዬን ለጎረቤቴ ለሰርክ አደራ ብዬ ተሻግሬ አነበብሁት። ጎንደር ይህን ያህል፣ ደብረ ታቦር ይህን ያህል፣ እህል በኩንታል፣ ዶሮ በቁጥር። እንዲህ እያልሁ ወርጄ ከታች፣ ከሁሉም በታች እንዲህ ይላል፦ «የሸክላ ዕቃ በገለባ ይጫናል፤ ባለቤቷ ቆማ ሳታይ አይወርድም።»

ደንብ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ባለቤቱ ይላል። ይህ ባለቤቷ ይላል። ስንት ማሰሮ ከቅጥቅጥ ጣራ ላይ ተወርውሮ እግሬ ሥር እንደ ተሰበረ ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል? በስምንት ዓመትሽ ገሉን እየለቀምሽ ታለቅሺ ነበር። ሰሌዳው ሥር ቆሜ አለቀስሁ። ተራ አስከባሪው «እናቴ፣ ታሪፉ በዛብዎ?» አለኝ። «አይ፣ ልክ ነው» አልሁት።

ስሜን መጻፍ ፈርተሽ ሸክላዬን ጻፍሽው። ገብቶኛል። ብዙ ነገር ይገባኛል፤ የማይገባኝ ግን አንድ አለ፤ እሱን በወረቀት አልጽፍልሽም። ዓይንሽን እያየሁ እጠይቅሻለሁ።

እናትሽ


ይፋግ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ፤

ሐሙስ ዕለት ተሳፍረሽ ለምን ወረድሽ ብለሽ ጠይቀሻል። ደሞዝ አፉ አያርፍም። እሺ፤ ልንገርሽ።

ላንቺ ሳልነግር ልመጣ ነበር። ለገና የምትፈስኪበት ቅቤ በትንሽ ማሰሮ ይዤ፣ ከይፋግ በማለዳ ወረታ ወርጄ፣ በመስኮቱ ተሰልፌ የባሕር ዳር ቲኬት ቆረጥሁ። ቁጥር ሦስት። ፊት፣ በመስኮት በኩል። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መንገዱ ከዚያ እንዴት እንደሚታይ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። ከኋላ የሚታየው የሰው ማጅራት ነው።

አራት ቁጥርን ይዛ የመጣችው ከሜዳው ሩዝና ከብት የሞላላት ወይዘሮ ትሩፋት ናት። ከእኔ ሁለት ጊዜ ድስት ገዝታለች። ከመሳፈሯ በፊት ከጋኔ ሁለት ጣሳ ውኃ ጠጥታ «ይህ ውኃ እንዴት ይቀዘቅዛል!» ስትል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔን ስታይ ግን እግሯ ቆመ።

«ከዚች ጋር አልቀመጥም። ወደ ኋላ ትሂድ» አለች።

ቲኬት ቆራጩ ገብቶ «እማማ፣ ቁጥር ቁጥር ነው። አራት የእርስዎ፣ ሦስት የእሳቸው» አላት። የእሳቸው! መኪና ውስጥ እሳቸው ተብዬ አላውቅም። ባንቺ ደንብ ነው የኮራሁት፤ አልተነሣሁም። እሷ ቆማ፣ ሰው «እንሂድ እንጂ! ፀሐይ ገፋች!» እያለ፣ በመጨረሻ ነጠላዋን በመካከላችን ሰብስባ ተቀመጠች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ከኋላ ካለች ሴት ጋር ወሬ ጀመረች። እንደ እኔ አለመሆኗን ለማሳየት መሰለኝ፣ ማንነቷን ትዘረዝር ያዘች።

«ይህን መናኸሪያ ያሠራችው እኮ የልጄ የባምላክ እጮኛ ናት» አለች።

እኔ ማሰሮዬን አቅፌ፣ ሳቄ መጣ። እጮኛ! ለካ ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው አልሁ። ልዞርና «እናቷ እኔ ነኝ» ልላት አፌን ከፈትሁ።

«ምስኪን፣ እናትም አባትም የላት። መምህር አዛናው ናቸው ያሳደጓት፤ አጎቷ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ እሳቸው ቤት እንልካለን። እንግዲህ እኔ እናት እሆናታለሁ» አለች።

አባትሽ አለኸኝ መሞቱ እውነት ነው፤ ነፍሱን ይማር። መምህር አዛናው ግን ለትምህርት ስትይ ቤት የተከራየሽባቸው ሰው ናቸው። በየሳምንቱ ስንቅሽን ተሸክሜ በራቸውን ያንኳኳሁት ማን ነበርሁ?

ተነሥቼ ወረድሁ። ወይዘሮ ትሩፋት የተገፋሁ መስሏት ደስ አላት። አልተገፋሁም። ሞቼ ነው የወረድሁት። ሙት ደግሞ ባሕር ዳር ምን ይሠራል?

ቅቤውን ለደሞዝ ሰጥቼዋለሁ።

ገላነሽ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፤

ቅቤው ደርሷል። አልከፈትሁትም። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ሞታለች አላልሁም። ይህን ብቻ እመኚኝ፤ ምንም ባይጠቅምም። ባምላክ መጀመሪያ ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ «አባቴ ሞቷል» አልሁት። «እናትሽስ?» አለኝ። ዝም አልሁ። አንገቴን ደፋሁ። እሱ ዝምታዬን ሞት አደረገው፤ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» ብሎ እጄን ያዘኝ። ያን ጊዜ ላርመው ይገባኝ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። በማግስቱ እሱ ለእናቱ ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን መንደሩ አወቀ። መምህር አዛናው ዘንድ ሄጄ «አጎቴ ይሁኑልኝ» ብዬ ስለምናቸው፣ ውሸቱ ከእኔ በላይ አድጎ ነበር።

ያ በወረቀት ያልጻፍሽው ጥያቄ «አፍረሽብኝ ነው ወይ?» የሚል ነው። አዎ። አፍሬብሻለሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ የእኔን ጣሳ ለይተው ያስቀምጡ ነበር፤ ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም። ያንን ጣሳ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። ባምላክ አጥብቆ ይወደኛል፤ እኔም እወደዋለሁ። ያ ጣሳ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈራሁ።

አጥሩንም ልንገርሽ፤ አንድ ጊዜ ከጀመርሁ። በሩን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሳዞረው ወረቀቱ ላይ «ለመኪና መዞሪያ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለመኪና ይመቻል፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ለቁጥጥር ሦስት ጊዜ ወረታ መጥቻለሁ፣ እማ። ሦስት ጊዜ። ከአለቆቼና እናቱን ሊጠይቅ አብሮን ከሚመጣው ከባምላክ ጋር። በቀድሞው በር ብንገባ አንቺ ጥጉ ላይ ነበርሽ። በሦስተኛው ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ቀይ ጃንጥላ አየሁ። ያንቺ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ደብዳቤሽን ሳነብ ነው ያወቅሁት።

ያንን መስመር በሰሌዳው ላይ ስጽፍ የካስሁሽ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ነበር።

ስደቢኝ። ግን ጻፊልኝ።

እየሩስ


ባሕር ዳር፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፤

ደሞዝ «አልሰጡኝም» ሲለኝ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። መኪናው በቆመ ቁጥር ከቢሮ ወርጄ እሮጣለሁ፤ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ባዶውን ያነሣልኛል።

ነግሬዋለሁ። ለባምላክ። በጥምቀት ማግስት፣ በቀን፣ ሰው ባለበት። «እናቴ አለች። ስሟ ገላነሽ ነው። ይፋግ ነው የምትኖረው። ሸክላ ሠሪ ናት» አልሁት። በአራት ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ ሁለት ዓመት የተሸከምሁት። «ድስታችንን የሚሠሩት?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። ለእናቱ ሊነግር በዚያው ቀን ወረታ ሄደ። እስከ ዛሬ አልደወለም። ስልኬን በየደቂቃው አየዋለሁ፤ ከዚያ አንቺ ስልክ ለምን እንደማታነሺ ትዝ ይለኛል።

ለመምህር አዛናውም ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ቤቴ ለሽማግሌ ጠብቦ አያውቅም፤ ለውሸት ግን ጠብቦኝ ነበር» አሉኝ። ስቀው ነው፤ ግን እንባቸው መጥቷል።

መናኸሪያው ጥር 24፣ ቅዳሜ ይመረቃል። ሳይመረቅ አርጅቷል ትያለሽ። አለቆቼ አሉ፣ የወረዳው ሰዎች አሉ፣ ወይዘሮ ትሩፋትም ተጋብዘዋል። ባምላክ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እኔ ግን ለዚያን ቀን ከወረታ ወደ ይፋግ ሁለት ቲኬት አስቆርጫለሁ። ቁጥር ሁለትና ሦስት። ሦስት ያንቺ ነው፤ በመስኮት በኩል። አብረን እንሂድ። እባክሽ ነይ።

ልጅሽ እየሩስ


ይፋግ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ፤

ለምን ዝም አልሽ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ተቆጥቼ ነው። እንደዚህ ተቆጥቼ አላውቅም። ጭቃው እንኳ አውቆብኛል፤ የሠራሁት ሁሉ እየጠመመ ሦስት ማሰሮ መልሼ አቦካሁ። አንድ ቀን ላሚቱን «አንቺስ ልጅሽ ትክድሻለች?» ብዬ ጠየቅኋት። ሣሯን በላች።

ስለ ጣሳው ብትነግሪኝ ኖሮ እመጣላቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቼ ጣሳቸውን እሰብርላቸው ነበር፤ የሸክላም ባይሆን። ያን ሁሉ ዓመት ብቻሽን ተሸክመሽው! ይህን ሳነብ ቁጣዬ መሄጃ አጣ። አሁንም እቤት ውስጥ ይዞራል፤ እኔም አብሬው እዞራለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ገና አላልሁም። ውሸት በቃን።

ባምላክ ይምጣ አይምጣ የእሱና የአምላኩ ጉዳይ ነው። ሽማግሌ የሚልኩ ከሆነ ቤቴ አይጠፋቸውም፤ ድስት ሲፈልጉ ጠፍቷቸው አያውቅም። ካልላኩም አንቺ አልተፈታሽም፣ እኔም አልተሰደብሁም። እንደ ድሮው ነን፤ ሁለታችን።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ቲኬቱን ተቀብያለሁ። ከመሳፈራችን በፊት ግን አንድ ነገር አለ።

ከጋኖቹ አጠገብ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ጃንጥላዬን ይዣለሁ፤ ቀዩን። አንቺ ከአለቆችሽ ጋር በዚያ ባዞርሽው በር ትገቢያለሽ። እኔ አልነሣም። እጄንም አላነሣልሽም። እናትሽ መሆኔን ለማንም አልናገርም፤ እስካሁን የተናገርሁበት ቀን የለም። አለቆችሽ ባሉበት፣ ወይዘሮ ትሩፋት ባለችበት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ባለበት «እማ!» ብለሽ ጥሪኝ። በስልክ እንደምትዪው አይደለም። ተራ አስከባሪው «ጎንደር! ጎንደር!» እንደሚለው አድርገሽ።

አንቺ ነሽ የገደልሽኝ፣ አንቺው አስነሺኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ ጆሮዬ ደህና ነው።

እናትሽ ገላነሽ